የጎረቤት አቤቱታ፣ የድምፅ መምጠጫ ስፖንጅና የእሳት አደጋ

እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2026 (ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.) ሌሊት፣ ክራን ሞንታና በምትባለው የስዊዘርላንድ ተራራማ የመዝናኛ ከተማ፣ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት በሚያከብሩ ወጣቶች በተሞላ መጠጥ ቤት የተነሣ እሳት ቢያንስ የ40 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ከአንድ መቶ በላይ የሚሆኑትንም አቁስሏል። የምርመራ ባለሥልጣናት እንዳስታወቁት እሳቱ የተቀሰቀሰው በሻምፓኝ ጠርሙስ ላይ ተሰክተው የሚበሩ የርችት ሻማዎች ወደ ምድር ቤቱ ኮርኒስ እጅግ በመጠጋታቸው ነው። ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው ደግሞ ድምፅ ይመጥጣል ተብሎ የተገጠመ ፎም ነበር። የከተማዋ አስተዳደር ከ2020 እስከ 2025 ድረስ በቤቱ ላይ መደበኛው የእሳት ደኅንነት ፍተሻ አለመካሄዱን አምኗል።

ከአደጋው በኋላ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ሻማውን ማን ለኮሰው፣ መውጫውስ ለምን ጠበበ በሚሉ ጥያቄዎች ላይ ያተኮረ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሕንፃ ለሚያስገነቡ፣ ለሚያከራዩ ወይም የሕንፃ አገልግሎት ለሚለውጡ ዜጎች ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር መጀመሪያውኑ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ የሚለጠፈው ለምንድን ነው? ባለፉት ዓመታት የደረሱ ተመሳሳይ አደጋዎች ሲመረመሩ መልሱ በተደጋጋሚ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ቤቱ ጎረቤት ይረብሻል የሚል አቤቱታ ስለቀረበበት ነው።

ለዚህ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሆነው ምሳሌ በአሜሪካ የሮድ አይላንድ ግዛት፣ ዌስት ዋርዊክ በተባለች ከተማ፣ ዘ ስቴሽን በሚል ስም ይታወቅ በነበረው የምሽት ክበብ እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 2003 የደረሰው ቃጠሎ ነው። ክበቡን በ2000 የተረከቡት ባለቤቶች ገና ከጅምሩ የገጠማቸው ችግር የጎረቤት ቅሬታ ነበር። ቅሬታውን ለማብረድ ስፖንጅ ገዝተው በመድረኩ ዙሪያ ባለው ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ለጠፉ። ነገሩን አሳዛኝ የሚያደርገው፣ ስለ ድምፁ ያማርሩ ከነበሩት ጎረቤቶች አንዱ የስፖንጅ ሻጭ ድርጅት ሠራተኛ መሆኑና ስፖንጁም ከዚያው ድርጅት መገዛቱ ነው። የተሸጠው ስፖንጅ ለዕቃ ማሸጊያ የሚውል እንጂ እሳትን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪ በቤቱ ተመላልሶ ፍተሻ ቢያደርግም ስለ ስፖንጁ ያነሣው ነገር አልነበረም።

በዚያ ምሽት አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ በክበቡ ውስጥ ቀረጻ ላይ ነበር። የመጣውም፣ እንደ ነገሩ አጋጣሚ፣ ስለ ምሽት ክበቦች ደኅንነት ለሚዘጋጅ ዘገባ ምስል ለመውሰድ ነው። ስለዚህ የእሳቱ አካሄድ በሰከንድ ተቆጥሮ ይታወቃል። ሙዚቀኞቹ ዝግጅታቸውን በርችት ሲጀምሩ ብልጭታው በመድረኩ ጀርባ ያለውን ስፖንጅ ለኮሰው። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ሙዚቃው ቆመ፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉ በ41ኛው ሰከንድ ጮኸ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዋናው መውጫ በላይ በላዩ በወደቁ ሰዎች ተዘጋ። በአዳራሹ ከነበሩት ከ400 በላይ ሰዎች መካከል 100 ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የመድረኩን አካባቢ አስመስሎ ሠርቶ ባደረገው ሙከራ፣ ውኃ የሚረጭ ሥርዓት በሌለበት ሁኔታ አየሩ ሰው ሊኖርበት የማይችል የሆነው በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። የሚረጭ ውኃ በነበረበት ሙከራ ግን እሳቱ በቁጥጥር ሥር ውሏል። ከዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ለተጎጂዎች የተከፈለው ካሳ በድምሩ 176 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከከፋዮቹ መካከል የስፖንጅ አምራቾችና ሻጮች ይገኙበታል።

በብራዚሏ ሳንታ ማሪያ ከተማ ኪስ በተባለው ክበብ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2013 የሞቱት 242 ሰዎች ናቸው። ይህ ቤትም ቀደም ሲል በድምፅ ብክለት ተከሶ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የማስተካከያ ስምምነት የተፈራረመ ነበር። አብዛኞቹን ሟቾች የገደላቸው ነበልባል ሳይሆን ከስፖንጁ የወጣው መርዛማ ጭስ ነው። በሩማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት በ2015 ኮሌክቲቭ በተባለው ክበብ 64 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሕዝባዊ ተቃውሞው የአገሪቱን መንግሥት ሥልጣን እስከማስለቀቅ ደርሷል። በሰሜን መቄዶንያ ኮቻኒ ከተማ መጋቢት 2025 ላይ ከ60 በላይ ሰዎች በሞቱበት አደጋ ደግሞ የአገሪቱ ባለሥልጣናት የክበቡ ፈቃድ በሕገወጥ መንገድ የተገኘ መሆኑን ተናግረዋል። ቡካሬስት ያለው ቤት ቀድሞ የጫማ ፋብሪካ፣ ኮቻኒ ያለው ደግሞ የምንጣፍ መጋዘን ነበር። ሕንፃ ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላ ሲዛወር ፈቃድ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ዜጋ ቢኖር፣ ከእነዚህ ሁለት ቤቶች የተሻለ መልስ አያገኝም።

ጉዳዩ በአገራችንም በተለይ በከተሞች የሚመለከተን ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ምንጮች አንዱ አድርጎ ያያል። በሥራ ላይ ያለው የድምፅ መጠን ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70 ዴሲቤል ነው። ነዋሪዎች በምሽት ቤቶች፣ በእንጨትና በብረት ሥራ ወርክሾፖች፣ በጄኔሬተሮችና በድምፅ ማጉያዎች ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታ ሕጋዊ መሠረት ያለው፣ ሊደመጥም የሚገባው ነው። አስቸጋሪው ነገር አቤቱታው ከተደመጠ በኋላ የሚመጣው ነው። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ወይም በሩ የታሸገበት የንግድ ቤት ባለቤት በጥቂት ቀናት ውስጥ መፍትሔ ማሳየት ይፈልጋል። በገበያ በርካሽና በፍጥነት የሚገኘው ደግሞ የፍራሽ ስፖንጅ ነው። አንዳንዱ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ይለጥፋል። የድምፅ ተቆጣጣሪው ግድግዳው መሸፈኑን ይመለከታል፤ በምን እንደተሸፈነ መመርመር ግን የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። አንድን ችግር ለመፍታት የተወሰደ እርምጃ ከእርሱ የከፋ ሌላ ችግር የሚተከለው በዚህ ክፍተት ነው።

ስፖንጁ የተገዛበትን ዓላማ እንኳ አያሳካም

ድምፅ መምጠጥና ድምፅ ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱም ድምፅ ማፈን ስለሚባሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሻጩም ይህን ስሕተት ለማረም ምክንያት የለውም።

ስፖንጅ ድምፅ ይመጥጣል ሲባል፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ የሚፈጥረውን ማስተጋባት ይቀንሳል ማለት ነው። የድምፅ ሞገድ በስፖንጁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስቱዲዮ ውስጥ ንግግር ጥርት ብሎ የሚቀዳው፣ በስብሰባ አዳራሽም ተናጋሪው በግልጽ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅ ከክፍል ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያግደው ግን ክብደትና መታሸግ ነው። አምስት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ አንድ ካሬ ሜትሩ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በሁለት በኩል የተለሰነ የ20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትሩ ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠረው ግድግዳ ያሳለፈውን ድምፅ አንድ ኪሎ ስፖንጅ ያግደዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

በክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚመጥጠው ገጽ ስፋት እጥፍ ሲደረግ የድምፁ መጠን የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ጆሮ ይህን ያህል ልዩነት በጭንቅ ይለየዋል። ሙዚቃው በአዳራሹ ውስጥ 100 ዴሲቤል ቢደርስና የጎረቤት መኖሪያ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሊያልፍ የማይገባው ቢሆን፣ በመካከሉ 55 ዴሲቤል መጥፋት አለበት። ከዚህም በላይ ጎረቤትን እንቅልፍ የሚነሣው የከበሮውና የቤዙ ድምፅ ነው። ይህ ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ ስፖንጅ ጨርሶ የማይነካው ነው። መቶ ኸርዝ የሆነ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነው፤ ይህን በሚገባ ለመምጠጥ የመምጠጫው ውፍረት፣ ወይም መምጠጫው ከግድግዳው የሚርቅበት ልክ፣ ወደ 85 ሳንቲሜትር መድረስ ይኖርበታል። አምስት ሳንቲሜትር ስፖንጅ የሚመጥጠው የንግግርንና የፉጨትን ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው።

ድምፅ በአብዛኛው የሚያመልጠው በቀዳዳ ነው። ከግድግዳው ስፋት አንድ በመቶው ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ወፍራም ይሁን፣ በጠቅላላው የሚያግደው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። አሥር ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ይህ አንድ ሜትር ርዝመትና አሥር ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ማለት ነው። ብዙዎቹ አዳራሾች የቆርቆሮ ጣሪያና ከሥሩ ቀጭን ኮርኒስ ያላቸው፣ መስኮታቸው በነጠላ መስታወት የተዘጋ፣ በራቸውም ከሥሩ ክፍት ነው። በእነዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በስፖንጅ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ለጎረቤት ዕረፍት ይሰጣል፤ በሩን ከባድ ማድረግና ዙሪያውን በላስቲክ ማሸግ፣ ሁለት በር ያለው መግቢያ መሥራት፣ መስኮቱን በድርብ መስታወት መተካት ወይም መድፈን፣ ከኮርኒሱ ሥር በብረት ማዕቀፍ ላይ ሁለት ድርብ ጂብሰም ቦርድ ሰቅሎ በመሐሉ የማይቃጠል ሱፍ መሙላት፣ ድምፅ ማጉያዎቹንም ከጋራ ግድግዳ ማራቅና ወደ ውስጥ ማዞር። ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ የድምፅ ማጉያውን መጠን መቀነስ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

ለእሳት የማይመች መምጠጫ የትኛው ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል መምጠጫ ፓኔል አያስፈልግም ማለት አይደለም። ስቱዲዮዎች፣ የስብሰባና የጸሎት አዳራሾች፣ የመማሪያ ክፍሎች፣ የጥሪ ማዕከሎች፣ የፋብሪካ ማሽን ክፍሎች ማስተጋባትን መቀነስ ይኖርባቸዋል። በሥራ ቦታ ድምፅ ላይ ያለው የሙያ ጤና ልምድ፣ ሠራተኛ በቀን ለስምንት ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ ለሆነ ድምፅ እንዳይጋለጥ ይመክራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ ይጥልበታል፤ ማሽንን በድምፅ መምጠጫ መሸፈን ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከምን በተሠራ መምጠጫ የሚለው ነው።

በተለምዶ ስፖንጅ የምንለው ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ ፎም ነው። አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከይዘቱ ከመቶ 97 ያህሉ አየር ነው። ስለዚህ ነዳጁም አየሩም በአንድነት ተዘጋጅተው የተቀመጡበት ነገር ነው ማለት ይቻላል። ሲነድ ይቀልጣል፤ ቅላጩም እየተቀጣጠለ ወደ ሰዎች ይንጠባጠባል። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይዟል፤ ሁለቱ ተጣምረው ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ያስቱታል። እሳት የሚያዘገይ ኬሚካል የተጨመረበት ፖሊዩሬቴን በክብሪት ወይም በሲጋራ በቀላሉ ላይለኮስ ይችላል። ትልቅ ነበልባል ሲያገኘው ግን እርሱም ይነዳል፤ ጭሱም ብዙ ነው።

የሜላሚን ፎም ከዚህ የተለየ ነው። ከጠንካራ የሜላሚን ሳህኖች ጋር አንድ ቤተሰብ ከሆነ ሬዚን የሚሠራ፣ እጅግ ቀላልና ነጭ ወይም ግራጫ ፎም ሲሆን፣ አንድ ኪዩቢክ ሜትሩ አሥር ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል። እሳት ሲነካው አይቀልጥም፣ አይንጠባጠብም፤ እየከሰለ ይቆማል። ድምፅ በመምጠጥ ከፖሊዩሬቴን አያንስም። ጉድለቱ ዋጋው ከፍ ማለቱና በቀላሉ መቀደዱ ነው፤ ሰው በሚደርስበት ከፍታ ላይ በጨርቅ ወይም በቀዳዳማ ቆርቆሮ ካልተሸፈነ ዕድሜ አይኖረውም። ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራው ሱፍ፣ ማለትም ሮክ ዉል፣ ደግሞ የማይቀጣጠል ነው፤ ለመቅለጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ብናኙ ቆዳና ዓይን ስለሚያሳክክ በሚገባ ተሸፍኖ ይገጠማል። ኮርኒስን በተመለከተ፣ በተለይም ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቤት፣ ከፎም ይልቅ ይህ ዓይነቱ ሱፍ ቢመረጥ የተሻለ ነው። እሳት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ላይ ነውና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ችግር የወረቀት ነው። እሳት አይዝም፣ ፋየር ፕሩፍ ነው፣ ክላስ ኤ ነው የሚሉ ቃላት በማሸጊያም በሻጭ አፍም ይነገራሉ፤ ግን በምን ፍተሻ የሚለው ካልታወቀ ትርጉም የላቸውም። ክላስ ኤ የሚለው ብቻ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። በዓለም አቀፉ የድምፅ ደረጃ አይኤስኦ 11654 ክላስ ኤ ማለት ድምፅ በጣም ይመጥጣል ማለት ነው፤ ስለ እሳት አንድም ቃል አይናገርም። በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኢ84 ፍተሻ ክላስ ኤ ማለት ነበልባል የመስፋፋት ልኩ ከ25 ያልበለጠ ማለት ነው። በአውሮፓው ኢኤን 13501-1 ደግሞ ኤ1 እና ኤ2 የሚባሉት በተግባር ለእሳቱ ነዳጅ የማይሆኑ ናቸው። አንድ ተራ ስፖንጅ በመጀመሪያው መለኪያ ክላስ ኤ ሆኖ በሦስተኛው የመጨረሻው ኤፍ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩም አልዋሸሁም ሊል ይችላል።

የኤኤስቲኤም ኢ84 ፍተሻ ለፎም አሳሳች የሚሆንበት ምክንያትም አለ። ናሙናው ሰባት ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ዋሻ ጣሪያ ላይ ተዘርግቶ በአንድ ጫፍ ይለኮሳል፤ የሚቀልጥ ፎም ግን ነበልባሉ ሳይሄድበት ከጣሪያው ቀልጦ ወለሉ ላይ ስለሚወድቅ የተሻለ ውጤት ያገኘ ይመስላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የግንባታ ሕጎች ለውስጥ ማስዋቢያ የሚውል ፎም እንደ ኤንኤፍፒኤ 286 ባለ የሙሉ ክፍል ፍተሻ እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። በዚህ ፍተሻ ቁሱ በእውነተኛ ክፍል ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ተለጥፎ በክፍሉ ማእዘን እሳት ይለኮሳል። ዩኤል 94 የሚባለው ሰርተፍኬት በአነስተኛ ቁራጭ ላይ የሚደረግ፣ ለመሣሪያ አካላት የታሰበ ነው። ኤፍኤምቪኤስኤስ 302 ደግሞ የመኪና ውስጥ ዕቃ ፍተሻ ሲሆን፣ ቁሱ በደቂቃ እስከ 102 ሚሊሜትር ድረስ እየነደደ እንኳ ያሳልፈዋል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይዞ ለአዳራሽ ኮርኒስ የሚቀርብ ዕቃ ለዚያ ሥራ አልተፈተሸም።

የአውሮፓው ምልክት ለገዢ የተሻለ የሚያገለግለው ጭስንና መንጠባጠብን ለይቶ ስለሚያሳይ ነው። ቢ-ኤስ1፣ ዲ0 የሚል ምልክት ቢኖር፣ ቢ ቁሱ ለእሳት የሚያደርገው አስተዋጽኦ እጅግ ውስን መሆኑን፣ ኤስ1 ጭሱ አነስተኛ መሆኑን፣ ዲ0 ደግሞ የሚነድ ጠብታ አለመኖሩን ይገልጻል። ኤስ3 ወይም ዲ2 የሚል ከተጻፈ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ምልክቱ የሚጸናውም በሪፖርቱ ላይ ለተጠቀሰው ውፍረት፣ ለተጠቀሰው ማጣበቂያና ለተጠቀሰው አገጣጠም ብቻ ነው። በ3 ሳንቲሜትር የተፈተሸ ፓኔል በ10 ሳንቲሜትር ሲገጠም፣ ወይም በቤንዚን ነክ ማስቲሽ ሲለጠፍ፣ ወይም በላዩ ቀለም ሲቀባ ሌላ ዕቃ ይሆናል። አንዳንድ ሻጮች ላይተር አስጠግተው አይነድም ብለው የሚያሳዩት ትዕይንትም ለትልቅ ነበልባል ማረጋገጫ አይሆንም።

በጄኔሬተርና በፋብሪካ ማሽን ላይ

የመብራት መቋረጥ ጄኔሬተርን የብዙ ሕንፃዎች አካል አድርጎታል። ከፋብሪካ ሽፋኑ ጋር የሚመጣ ጄኔሬተር በውስጡ የተለጠፈው መምጠጫ ለሥራው የተመረጠ ነው። ሲያረጅና ሲረግፍ በፍራሽ ስፖንጅ የሚተካ ከሆነ ግን፣ ናፍጣ፣ የጋለ የጭስ ማውጫና በዘይት የሚርስ ስፖንጅ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተዘጋ ማለት ነው። እሳት የሚቋቋም ፎም እንኳ ናፍጣ ከጠጣ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል። ስለዚህ በማሽን ሽፋን ውስጥ የሚገጠም መምጠጫ ፈሳሽ በማያስገባ ስስ ፊልም ወይም በአሉሚኒየም ፎይል የተሸፈነ ሊሆን ይገባል፤ የጭስ ማውጫው በሚያልፍበት አካባቢ ደግሞ በቀዳዳማ ቆርቆሮ የተሸፈነ የድንጋይ ሱፍ እንጂ ፎም አይቀመጥም። ዘይት የነካው ፓኔል አይታጠብም፤ ይቀየራል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የአየር ማስገቢያውን መድፈን ነው። የጄኔሬተር ድምፅ በብዛት የሚወጣው በአየር መግቢያና መውጫ ስለሆነ፣ ጎረቤት ሲያማርር መግቢያውን በስፖንጅ የሚወትፉ አሉ። ሞተሩ ይግላል፤ ድምፁ የቀነሰ ቢመስልም አደጋው ቀርቧል። ትክክለኛው መንገድ አየሩ በተጠማዘዘና በውስጡ መምጠጫ በተለጠፈበት መተላለፊያ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ጄኔሬተሩን በንዝረት መቀነሻ ላስቲክ ላይ ማስቀመጥ፣ የጭስ ማውጫውንም ሳይለንሰር ማሻሻል ነው።

ወደ አገልግሎት መስጫ ቢሮ የሚሄድ ሰው

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ወርክሾፖችን በምድብ ሐ፣ ማለትም ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ሕንፃዎች ጋር መድቧቸዋል። መጋዘንን ወደ አዳራሽ፣ መኖሪያ ቤትን ወደ ምሽት ቤት ለመለወጥ ያሰበ ሰው ዲዛይን ከማሠራቱ በፊት የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ማነጋገር አለበት። በማመልከቻው ላይ የውስጥ ማስዋቢያው ከምን እንደሚሠራ ለይቶ ቢገልጽ ራሱን ይጠቅማል። የምርቱና የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱ፣ የፍተሻ ሪፖርቱ ቁጥርና ቀን፣ ፍተሻውን ያካሄደው ላቦራቶሪ፣ የተጠቀመበት ማጣበቂያ፤ እነዚህ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከግዢ ደረሰኙ ጋር በሕንፃው ፋይል ቢቀመጡ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ተቆጣጣሪም ሆነ አዲስ ተከራይ ማስረጃ ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ የሻጭ ብሮሸር የፍተሻ ሪፖርት አይደለም።

አከራዮችም ከዚህ ነገር ውጪ አይደሉም። ተከራይ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው ነገር ከባለንብረቱ የጽሑፍ ፈቃድ ውጪ እንዳይሆን በውል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ተከራዩ ቢለቅ የሚቀረው ስፖንጅ የባለንብረቱ ይሆናልና።

በድምፅ የተቸገረ ነዋሪም አቤቱታውን ሲያቀርብ፣ ቤቱ ችግሩን እንዴት እንደፈታው እንዲገለጽለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳቸው ተጋርቶ የተሠራ ቤቶች በበዙበት አካባቢ የጎረቤት ኮርኒስ ከምን እንደተሠራ የሌላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ዋናው ኃላፊነት ግን የመንግሥት አካላት ነው። የድምፅ ብክለትን የሚቆጣጠረው፣ የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠውና የእሳት አደጋ መከላከሉ መሥሪያ ቤት አንድን ቤት ለየብቻ እስካዩት ድረስ፣ እንደ ዌስት ዋርዊኩ ተቆጣጣሪ ስፖንጁ ፊት ቆሞ ሳያየው የሚያልፍ አይጠፋም። የድምፅ ማስተካከያ እንዲደረግ የሚያዝ ደብዳቤ የሚጠቀመውን ቁስ የእሳት ደረጃ አብሮ ቢጠይቅ፣ ተጨማሪ በጀት ሳያስፈልግ ክፍተቱ ይጠብባል።

ቀድሞ ስፖንጅ የተለጠፈበት ቤት ያለው ሰው ሙሉ ማስተካከያ እስኪያደርግ ድረስ በቤቱ ውስጥ ርችት፣ የርችት ሻማና ሻማ መከልከል፣ አምፖሎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ከስፖንጁ ማራቅ፣ ሁለተኛውን መውጫ ከዕቃ ማጽዳትና ቁልፉን ከበሩ ማንሣት ይኖርበታል። በአዲስ አበባ እሳት ሲነሣ የሚደወለው 939 ነው። ስፖንጁ በሚነሣበት ጊዜ በአካባቢው ብየዳ አይሠራም፤ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። የተነሣው ስፖንጅ በግቢ ውስጥ አይቃጠልም፤ ሲነድ የሚያወጣው መርዝ ውጭም ያው ነው። ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ተሰጥቶ፣ የተነሣበት ቀንና በምትኩ የተገጠመው ነገር በሕንፃው ፋይል ይመዘገባል።